አሥራ አራተኛው ምዕራፍ

የካቲት 21

እህቴ እታለም ከሞተች ዛሬ ዘጠኝ ቀን ሆናት። ለቅሶ የሚደርሰው ሰው ቀነሰ። የተዋስናቸው ወንበሮች ለየባለቤታቸው ተመለሱና ቤቱ ድንገት ሰፋ። ደስ የማይል ስፋት ነው።

እማዬ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያላት። ለሚመጣው ሰው ሁሉ ትጠይቀዋለች፦ «እዚያ ዳገት ላይ ምን ልትሠራ ወጣች?» የእታለም ልብ ደካማ መሆኑ ከታወቀ አራት ዓመት አልፎታል። ዳገት ክልክል፣ ደረጃ ክልክል፣ ሩጫ ክልክል። ቤተ መጻሕፍቱ ያለው ዳገቱ ጫፍ ላይ ነው፤ ዳገቱ ሲያልቅ ደግሞ ሠላሳ ስምንት ደረጃ አለ። የቱ ደረጃ ላይ እንደወደቀች ጥበቃው አላስታወሰም። ሆስፒታል ሁለት ቀን ቆየች፤ ከዚያ በኋላ አልቆየችም።

ሐኪሙ ቤት ውስጥ ብትቀመጥም ይህ መምጣቱ አይቀርም ነበር አለን። ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ነው ያለው። አንዴ ብሎት ቢሆን ኖሮ አምነው ነበር።

መጻፍ ያቀላል ይላሉ። እስካሁን አላቀለለኝም።

የካቲት 24

ቦርሳዋን ለመክፈት የደፈረ ስላልነበረ ዛሬ እኔ ከፈትኩት። ማበጠሪያ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ ብረት ሰሌዳዋ፣ መውጊያዋ፣ ሁለት የተወጉ ወረቀቶች።

እታለም ቀን ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራ ነበር። ከሥራ ስትመለስ ደግሞ ለዓይነ ስውራን መጽሐፍ ትገለብጣለች፤ በብሬይል፣ በእጇ። ሰሌዳው እንደ ደብተር የሚከፈት ሁለት ብረት ነው፤ የላይኛው በትንንሽ መስኮት የተሞላ ነው። ወፍራም ወረቀት መሃሉ ታስገባና በመውጊያው ነጥብ በነጥብ ትወጋዋለች። የሚጻፈው ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ ምክንያቱም ነጥቡ የሚያብጠው ከጀርባ ስለሆነ የሚነበበው ወረቀቱ ሲገለበጥ ነው። «የምሠራውን ሳላየው ነው የምሠራው፤ የሚያየው ሌላ ነው» ትለኝ ነበር። የወረቀት ዋጋ አይቀመስምና አባዬ ከሚሠራበት ጋራዥ ያለፈባቸውን የግድግዳ ካላንደሮች ያመጣላታል። የዓይነ ስውራኑ የጂኦግራፊ መጽሐፍ በጎማና በጭነት መኪና ፎቶ የተሞላ ነው። እሷ በዚህ በጣም ትስቅ ነበር።

የትምህርት ቤታችን ጂኦግራፊ አሥራ አራት ምዕራፍ አለው። አሥራ ሦስቱን ጨርሳለች። አሥራ አራተኛው ስለ ነፋሳት ነው፤ ሁለቱ ወረቀቶች የሱ መጀመሪያ መሆን አለባቸው።

ለምን እንዳልጨረሰችው የሚያውቅ ሰው የለም።

የካቲት 28

ፈተና ሦስት ወር ቀረው። ምንም አይገባኝም። መጽሐፍ እገልጣለሁ፣ እዘጋለሁ።

አክስቴ መጥታ ነበር። እማዬ ያንኑ ጠየቀቻት። አክስቴ «ሰዓቷ ደርሶ ነው፣ እግሯን የሚመራው እሱ ነው» አለቻት። እማዬ ወደ እኔ እያየች «እግሯን የመራው ምንም ይሁን፣ እኔ ምን ልትሠራ ነው ያልኩት» አለች። ውሃ ልቅዳ ብዬ ወጣሁ።

መጋቢት 3

አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ሬዲዮ ነው የሚባለው፤ ዜና ስለማያልቅበት። ዛሬም ሁለት ዜና ይዞ መጣ።

አንደኛው፦ ቤተ ክርስቲያናችን የተመሠረተችበትን ሃምሳኛ ዓመት ሚያዝያ ውስጥ ታከብራለች። ያን ቀን እታለም አባል ለነበረችበት ለወጣቶች ማኅበር ሰብሳቢ «የዓይነ ስውራንን መጽሐፍ በማዘጋጀቱ» የምስጋና ወረቀት፣ መስተዋት የገባ፣ ይሰጠዋል። ሰብሳቢው ፋርማሲ ያለው ሰው ነው። አንዲት ነጥብ እንኳን ወግቶ አያውቅም። መውጊያውን በየት በኩል እንደሚይዙትም አያውቅም።

ሁለተኛውን በሳቅ ነበር የጀመረው። እህቴ ከመሞቷ በፊት ቤታቸው ድረስ ሄዳ የጂኦግራፊ መጽሐፌን እንዲመልስላት ጠይቃው ኖሯል። «የምን መጽሐፍ? እኔ የራሴን መች አነበብኩና አልኳት። ምን ብለሃት ነው?» አለኝ።

ራሴን አሞኛል ብዬ አስፈቀድኩና ወጣሁ።

ሰብሳቢው ግን ነገሩ እንዲህ በቀላሉ አያልፍለትም። ሥራዋን ሰው ሁሉ ማወቅ አለበት።

መጋቢት 9

ሰሌዳው የትምህርት ቤቱ ስለሆነ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት መምህሯ መልሱልን ብላ ልካ ነበር። ይዤው ሄድኩ።

ዘንድሮ ከኛ ጋር አንድ ፈተና የሚፈተኑት አምስት ናቸው። ረጅም ጠረጴዛ ላይ የእታለም መጽሐፍ ምዕራፍ ምዕራፉ ለየብቻ በገመድ ታስሮ ተደርድሯል። ከፍራሽ ይወፍራል። መምህሯ ማን እንደሆንኩ ስትነግራቸው ሁሉም ተነሡ። እየዳበሱ መጥተው ተራ በተራ እጄን ጨበጡኝ። አንዱ ልጅ «የመጽሐፉ ባለቤት አንተ ነህ? ሁልጊዜ እንጸልይልሃለን» አለኝ። ስለ ምን እንደሚያወራ በደንብ አልገባኝም። ግን አዎ አልኩ። ደስም አለኝ። መጻፉ ያሳፍራል እንጂ ደስ አለኝ።

ከሁሉም ፈጥና የምታነብ አንዲት ልጅ አለች። ልጆቹም አንባቢዋ ነው የሚሏት። አጠገቧ አስቀመጠችኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አሥራ አንደኛው ምዕራፍ ላይ አሟት ነበር?» አለችኝ።

በምን አወቅሽ አልኳት።

«እስከ አሥር ድረስ ነጥቧ ጠጠር ነው። ከአሥራ አንድ ጀምሮ ግን ለሰለሰ። አሥራ ሦስት ላይ እየቆመች፣ እያረፈች ነው የወጋችው፤ መስመር መሃል ላይ ያስታውቃል። እኔ እንኳን ይቺ ልጅ አሟታል ብዬ ለመምህሯ ነግሬያት ነበር።»

በመጨረሻው ገጽ ላይ ስሟን እንድትጽፍላቸውም ለምነዋት ነበር አሉ። «ስሜ እላይ ከተጻፈልኝ ይበቃኛል፤ እናንተ ወረቀት አታስጨርሱኝ» ብላ ሳቀችባቸው።

የኔንና የእሷን ክፍል የሚለየው ቀጭን የሳንቃ ግድግዳ ነው። የመውጊያውን ጠቅ ጠቅ በየቀኑ እሰማው ነበር። እየደከመ ሲሄድም ሰምቼዋለሁ ማለት ነው። ያኔ ግን ያልኩት ተገላገልኩ ነበር።

ሰሌዳውን ሳልመልስ ይዤው ተመለስኩ። ለመምህሯ ቤት ረሳሁት ብያታለሁ።

መጋቢት 11

ሒሳብ ፈተና ወደቅሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

«የመጽሐፉ ባለቤት።» ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ነበር።

መጋቢት 17

ፋርማሲው ሄድኩ። ሰው እስኪወጣለት ጠበቅሁ። መንገድ ላይ ሳጠናው የነበረው ንግግር ሁሉ ጠፍቶኝ፣ ይህን መጽሐፍ የሠራው ማን ነው አልኩት።

ሰብሳቢው ይናደዳል ብዬ ነበር። አልተናደደም። ንጹሕ የነበረውን መስተዋት ባንኮኒ በጨርቅ ይወለውል ጀመር። ሦስት ጊዜ ስሟን ላንሳ ብሎ እንደጠየቃት፣ ሦስቱንም ጊዜ እንደከለከለችው ነገረኝ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ሲጠይቁት የማኅበሩ ሥራ ነው ብሎ መልሶላቸዋል። እነሱ ደግሞ ማኅበሩ ማለት እሱ መሰላቸው።

«አላረምካቸውም» አልኩት።

«አላረምኳቸውም» አለ። ጨርቁን አጣጠፈ። «መጀመሪያ ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ከዚያ ሰው ሁሉ መንገድ ላይ እያቆመ ያመሰግነኝ ጀመር። ከዚያ ደግሞ እሷ ሞተች። አሁን ብናገር ምን እባላለሁ?»

ስወጣ ለእማዬ ብሎ የራስ ምታት ክኒን ሰጠኝ። ቱቦ ውስጥ ጣልኩት። ቆይቼ ደግሞ ተመልሼ ላነሳው ፈልጌ ነበር፤ ውሃው ወስዶታል።

መጋቢት 20

ለአባዬ ነገርኩት። እጁን በነዳጅ እየታጠበ ነበር። ብዙ አያወራም፤ እሷ ከሞተች ወዲህ ደግሞ ጭራሽ። ውሃ አፍስስልኝ አለ፣ አፈሰስኩለት፣ እጁን አደረቀ።

«ስሟ ይጠራ» አለ። «አንድ ጊዜ። ከዚያ በኋላ ከማንም ምንም አልጠይቅም።»

በበዓሉ ቀን ተነሥቼ እንደምናገር ቃል ገባሁለት። ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ። ልጅ ሳለሁ ነበር እንደዚያ የሚይዘኝ።

ንግግሩን ዛሬውኑ ጻፍኩት። አንድ ገጽ ተኩል። እያነበብኩት አለቀስኩ። ሕዝቡም ያለቅሳል። የሷ ወንድም ይህ ነው ይባላል።

መጋቢት 29



አንባቢዋ በዓሉ ላይ መጥታ እንድትመሰክርልኝ ልለምናት ሄድኩ። ንግግሬን አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ፤ ጣቷ ጠረጴዛው ላይ ዝም ብሎ ነበር።

«አሥራ አራተኛው ለምን ቀረ ብለው ቢጠይቁህ ምን ልትል ነው?» አለችኝ።

ስለሞተች ነዋ አልኳት።

«እሱማ። ግን እኮ ከዚያ በፊት ነው የቆመው።»

እና ነገረችኝ። እታለም ጥር መጨረሻ ላይ ባዶ እጇን መጥታ ይቅርታ ጠይቃቸዋለች። መጽሐፉ የወንድሜ ነው፣ እስካሁን ለእናንተ ብሎ ነው የተወልኝ፣ አሁን እሱም ፈተና ስላለበት ያጥናበት፤ የቀረውን ቤተ መጻሕፍት ወጥቼ እገለብጠዋለሁ ብላቸዋለች። ቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ አያውስም፤ እዚያው ተቀምጦ መገልበጥ ነው፤ ቦርሳዋ ውስጥ የነበሩትን ሁለት ወረቀቶች የወጋችው እዚያ ነው ማለት ነው።

«ስትጸልዩ ወንድሜን እንዳትረሱት አለችን» አለች አንባቢዋ። «አልረሳንህም።»

እንግዲህ ልጻፈው። እዚህም ካልጻፍኩት የት ልጽፈው ነው።

መጽሐፉን ደብቄባታለሁ። ፍራሼ ሥር። ሬዲዮ ወስዶታል አልኳት። ልማርበት ፈልጌ አይደለም፤ አንድ ቀን እንኳን አልገለጥኩትም። ድምፁ እንዲቆም ነበር የፈለግኩት። አባዬ ካላንደር ይዞ ሲመጣ ለማን እንደሆነ ሳልጠይቅ አውቃለሁ። እማዬ እሷ እንዳትደክም ዕቃ የምታሳጥበኝ እኔን ነው። በዚያ ላይ ጠቅ ጠቅ፣ ጠቅ ጠቅ፤ ደግ ሰው ጎረቤትህ ሆኖ ሲኖር እንቅልፍ የለም። እንደዚያ ነበር ያሰብኩት።

ሬዲዮ ቤት ሄዳ መዋሸቴን አወቀች። ቤት ተመለሰች። ራት ላይ ውሃ አቀብለኝ ብቻ አለችኝ፣ አቀበልኳት። ከዚያ ሄዳ ስሜን ለአምስት ሰው በመልካም አነሳች። የራሷን ለማንም ያላስነሳችው የኔን አነሳች። ከዚያ ዳገቱን ወጣች።

ሰብሳቢው ያላረመው ሽማግሌዎቹን ነው። እኔ ያላረምኩት አምስት ዓይነ ስውራንን ነው።

ሚያዝያ 5

በዓሉ ዛሬ ነበር።

አባዬ ሙሉ ልብሱን ለበሰ። ጥፍሩ ሥር ያለውን ጥቁረት በመርፌ ሲያወጣ ነው ያደረው መሰለኝ። ከፊት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥን። ንግግሩ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ሰባኪው በስውር ስለሚሰጥ ሰው ሰበከ። በሰው ፊት የተመሰገነ ዋጋውን እዚሁ ጨርሷል አለ። ወዲያው ሰብሳቢው ተጠራና መስተዋት የገባው ወረቀት ተሰጠው። አዳራሹ አጨበጨበ። በሁለቱ መሃል አንድ መዝሙር እንኳን አልነበረም፤ ግን ግር ያለው ሰው አላየሁም። ሰብሳቢው ከጀርባ ብዙ እጆች አሉ አለ። ወደኛ አላየም። ወረቀቱን እንደ ትኩስ ድስት ነበር የያዘው።

አባዬ በጉልበቱ ጉልበቴን ነካኝ።

አልተነሣሁም።

ደግሞ ነካኝ። መሬት መሬት አየሁ። ብነሣ የሚያጨበጭቡት ለኔ ነው። እንባዬን ያያሉ፣ ትከሻዬን ይዘው ያጽናኑኛል፣ ቤታቸው ሄደው ስለኔ ያወራሉ፤ መጽሐፉ ግን ፍራሼ ሥር ነው። እሷ በጓዳ ያስቀመጠችውን አደባባይ አውጥቼ በሱ የራሴን ልሸፍንበት ነው። እንዲህ ሁሉ ያኔ በደንብ አላሰብኩትም። ያኔ እግሬ እምቢ ነው ያለኝ።

አባዬ ራሱ ሊነሣ ከወንበሩ ተንቀሳቀሰ። ግማሽ ድረስ ተነሣ። አፉን ከፈተ። ቃል አልመጣለትም። እማዬ የኮቱን ጫፍ ይዛ ቀስ ብላ አስቀመጠችው። ከኋላችን ያሉት አላስተዋሉም፤ ልብሱን የሚያስተካክል ነው የመሰላቸው።

መንገዱን ሙሉ አላናገረኝም። በር ላይ ስንደርስ «ቃል ሰጥተኸኝ ነበር» አለኝ።

ሚያዝያ 9

አባዬ አያናግረኝም። ሰላምታ እንኳን በእማዬ በኩል ሆነ።

ምክንያቱን ብነግረው ያናግረኛል? ወይስ ጭራሽ?

ሚያዝያ 12

ለልጆቹ ፈተና ሃምሳ ቀን አልቀረውም። እኔም እኮ ፈተና አለብኝ።

መጽሐፉን ከፍራሹ ሥር አወጣሁት። አሥራ ሦስተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ የእታለም የወረቀት ዕልባት አለ። ፊደሎቹን የጻፈችበትን ካርድ ከመሳቢያዋ ወሰድኩ።

ሁለት ሰዓት ሠርቼ አራት መስመር። ወረቀቱን ገልብጬ ከካርዱ ጋር ሳስተያየው የሚነበብ ነገር የለውም፤ ከግራ ወደ ቀኝ ነበር የወጋሁት። ቀደድኩት። ደግሜ ጀመርኩ። ኃይል ስለማበዛ መውጊያው ወረቀቱን ይበሳዋል። እሷ ይህን ሁሉ በደከመ ልብ ነው የሠራችው።

ወረቀት የለኝም። ወጥ ቤት የተሰቀለውን የዘንድሮውን ካላንደር ያለፉ ወራት ቀደድኩ። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር፣ መጋቢት። የካቲትን አልነካሁም።

ሚያዝያ 15

ዛሬ ከትምህርት ቤት ስመለስ በክፍሌ በር ሥር ሦስት ካላንደር ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የጎማ ሥዕል ያለባቸው። ማንም ስለሱ አላወራም። ግድግዳው ቀጭን ነው።

አባዬ ግን አሁንም አያናግረኝም።

ሚያዝያ 27

ስምንት ገጽ። ጣቴ ተላጠ። ስለ ነፋሳት ከክፍሉ ሁሉ የበለጠ የማውቀው እኔ ሳልሆን አልቀርም፤ ሬዲዮ ራሱ ተገረመ። ሌላው ትምህርት ገደል ገብቷል።

በየገጹ መጨረሻ አንድ ነገር ይፈታተነኛል። ስሜን ባልጽፍ እንኳን አንዲት ነጥብ፣ ምልክት ብቻ። አንባቢዋ ጣቷ ሲያርፍበት ማን እንደሆነ የምትጠይቅበት። ትናንት ወጋሁት። ዛሬ ገጹን እንዳለ ጣልኩትና እንደገና ጻፍኩት። አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ በላብኝ።

ግንቦት 10

ጨረስኩ። የእሷን ሁለት ወረቀቶች ከላይ አድርጌ፣ የኔን ሃያ ሦስት ከሥር፣ በገመድ አሰርኩት። ጂኦግራፊ መጽሐፉንና ሰሌዳውንም ጨመርኩበት። ማለዳ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቱ ሄጄ ለጥበቃቸው ለመምህሯ ስጥልኝ ብዬ ሰጠሁት። ከማን ልበል አለኝ። እሷ ታውቀዋለች አልኩ። ሰሌዳውን ስታይ ሳታውቅ አትቀርም፤ ለልጆቹ ካልነገረቻቸው ይበቃኛል።

ቀለለኝ ብዬ መጻፍ እፈልጋለሁ። አልቀለለኝም።

ግንቦት 23

አንባቢዋን ከመምህሯ ጋር መንገድ ላይ አገኘኋቸው። አሥራ አራተኛው ተገኘ አለችኝ። ሁለቱ ገጽ የእህትህ ነው፣ ከሦስተኛው ጀምሮ ግን ሌላ ሰው ነው፣ ማን እንደሆነ አይታወቅም አለች።

እንዴት ነው፣ ይነበባል? አልኳት።

«ይነበባል። ስህተት አለው። ደግሞ የወረቀት ጠላት ነው መሰለኝ፣ ይበሳዋል» ብላ ሳቀች። «ማን ነው ብለን ማጣራት ፈልገን ነበር። ከዚያ ግን እሷም አልወደደችውም ነበር ብለን ተውነው። እሱንም ጸሎት ውስጥ ጨመርነው። ካንተ በኋላ ነው የምንጠራው።»

መምህሯ የተላጠውን ጣቴን አየችው። ከዚያ ዓይኗን ወደ መንገዱ መለሰች።

እኔ ነኝ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። እዚያው ዋጥኩት። ያንን ያህል መራራ ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም።

ሰኔ 3

ፈተናው አለቀ። እንደማልፍ እርግጠኛ አይደለሁም። ጂኦግራፊን ግን ሠርቻለሁ።

ከሰዓት በኋላ እማዬ አልጋዬ ጫፍ ላይ መጥታ ተቀመጠች። እስከዛሬ ለእንግዳ ሁሉ ስትጠይቅ እኔን ለብቻዬ ጠይቃኝ አታውቅም።

«እዚያ ዳገት ላይ ምን ልትሠራ ወጣች?»

ነገርኳት። ከፍራሹ ጀምሬ፣ ሬዲዮን፣ ቤተ መጻሕፍቱን፣ ሁሉንም። ፊቷን ማየት አልቻልኩም፤ የቀሚሷን ክር እያየሁ ነው የጨረስኩት። ጎረቤት ሰው ብረት በር ዘጋ።

«ፍራሽህን በየሳምንቱ የሚያገላብጠው ማን ይመስልሃል?» አለችኝ።

ቀና አልኩ።

«ጥር ውስጥ ነው ያየሁት። እሷ ስታስስ እየሰማሁ ነው ዝም ያልኩት። መጽሐፉ ከጠፋ ታርፋለች ብዬ። ትንሽ ታርፋለች ብዬ ነው፣ ልጄ።» አልጋ ልብሱን በመዳፏ ታስተካክላለች፤ የተጨማደደ ነገር የለውም። «ከዚያ ዳገቱን ወጣች ሲሉኝ... አንድ ሰው ሌላ ምክንያት ይነግረኛል ብዬ ነበር የምጠይቀው።»

ልንካት አስቤ እጄ መንገድ ላይ ቀረ። እሷ ያዘችው። የተላጠውን ጣቴን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው፤ አንባቢዋ ወረቀት እንደምትዳብሰው።

«ለአባትህ ንገረው» አለች በመጨረሻ። «አንተ ያንተን። እኔም የኔን እነግረዋለሁ።»

አሁን አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው። ጋራዡ በአሥራ አንድ ተኩል ይዘጋል። እማዬ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጣለች፣ እኔ ጎኗ፣ ደብተሩ ጭኔ ላይ። መብራት አላበራንም።

በሩ ተንኳኳ። እማዬ ተነሣች። እኔም።